የባቄላ ፍሬ የሚያክል እንቁራሪት

ነገሩ የጀመረው በሰኔ መጨረሻ፣ ሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ደሴ ፒያሳ ባለው የአባቴ የቆዳ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ የጣራውን ዝናብ እሰማ ነበር። የፖስታ ቤቱ ሰው የረጠበ ኮቱን እያራገፈ ገባና አንድ ደብዳቤ ለአባቴ ሰጠው። አባቴ ማኅተሙን አየና ወደ እኔ ገፋው። ከካይሮ ነበር።

ካይሮ የአባቴ አጎት ቤት ተቀምጬ ዩኒቨርሲቲ መማር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ደሴ የነበርኩት ለክረምት ዕረፍት ነው። የምማረው ስለ እንስሳት ሲሆን የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። በመጨረሻው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ መምህር ሥር የራሱን ጥናት ይሠራል። በእኔ መምህር ክፍል ግን የቀረው መቀመጫ አንድ ብቻ ነው፤ የምንፈልገው ደግሞ ሦስት ነን። መምህሬ የጻፉልኝ አጭር ነበር። አልኮል ውስጥ የተነከረ እንቁራሪት ሞልቶናል፣ ሁሉም ግራጫ ሆኗል፣ ሁሉም ሞቷል ይላሉ። ስለ አገርሽ ትንንሽ የቄጠማ እንቁራሪቶች ነግረሽኝ ነበርና አንዱን በሕይወቱ፣ በራሱ ቦታ፣ በራሱ መጠን በፎቶ አሳዪኝ። ዓይኑ ጥርት ይበል። ከሦስታችሁ ማን እንደሚገባ ከመወሰኑ በፊት ከደረሰኝ መቀመጫው ያንቺ ነው።

አባቴ ዓረብኛ ያነባል፤ አያቴ ከየመን ይዘውት የመጡት ሀብት እሱ ብቻ ነበር ይባላል። ስለዚህ እኔ ሳልነግረው ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አንብቦ ጨረሰው።

“እንቁራሪት?” አለኝ።

“አዎ።”

“ቆዳዋ ይሸጣል እንዴ?”

“ቆዳዋ ለምንም አይሆንም፣ አባዬ።”

“እንግዲያው እኔ አላውቃትም” አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው። “እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪናችን ከኮምቦልቻው መጋዘን ተነሥቶ አሰብ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ ይጠነክራል፤ እስከ መስከረም የሚወርድ መኪና የለኝም። በእሁዱ መኪና ካደረስሽው መርከቡን ያገኛል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ካላደረስሽው እዚሁ ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ። እኔን አያስከፋኝም።”

እኔን ያስከፋኝ ነበር። ግን ዝም አልኩ። በዚያን ጊዜ ዝም ማለት ለእኔ ቀላሉ መልስ ነበር።

ካሜራዬ ካይሮ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የተገዛ የእንጨት ሣጥን ነው። ከፊት ያለው ሌንስና ከኋላ ያለው መስታወት የሚገናኙት እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ በሚዘረጋና በሚታጠፍ ጥቁር ቆዳ ነው። ሰው ወይም ቤት ለማንሳት ወናፉ አጭር ቢሆን ይበቃል። ትንሽ ነገር በራሱ መጠን ለማንሳት ግን ወናፉን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ ሌንሱን ከእንስሳው አንድ ስንዝር ያህል ማስጠጋት ያስፈልጋል። ብርሃኑ በረጅሙ ወናፍ ውስጥ ደክሞ ስለሚደርስ መክፈቻውን ከወትሮው አራት እጥፍ ጊዜ ክፍት መተው ግድ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው ደግሞ የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው፤ አፍንጫው ከጠራ ዓይኑ ይደበዝዛል። ሥዕሉ የሚወድቀው ፊልም ላይ ሳይሆን ብርሃን የሚይዝ ስስ ሽፋን በተቀባ መስታወት ላይ ነው። ከካይሮ ካመጣኋቸው መስታወቶች የቀሩኝ አራት ነበሩ።

ማክሰኞ በአባቴ ወዳጅ መኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጊዜው ጣሊያን አገሩን የያዘበት ነበርና ኬላው ላይ ያለው የጣሊያን ወታደር ሣጥኑን አስከፈተኝ። ምን እንደሆነ በምልክት ባስረዳው ስላልገባው መቆሚያው ላይ አቁሜ ጥቁሩን ጨርቅ አለበስኩትና እንዲያይ ጋበዝኩት። በካሜራው የኋላ መስታወት ላይ ሁሉ ነገር ተገልብጦ ነው የሚታየው። ጓደኛው በጭንቅላቱ ቆሞ ሲያይ ከጨርቁ ሥር ሆኖ በሳቅ ሞተ። ከዚያ በእጁ እለፊ አለኝ።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። ባሏ፣ አጎቴ የምላቸው፣ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ጠዋትና ማታ መስጊድ የማይቀሩ ሰው። ካሜራውን በረንዳው ላይ ሲያዩት ቆም አሉ።

“ይሄ ሰው ያነሳል?”

“እንስሳ ነው የማነሳበት፣ አባባ።”

“ነፍስ ያለውን?”

“አዎ።”

“እኔ ነፍስ ያለውን ነገር ሥዕል ከቤቴ አላስገባም፤ ይሄን ታውቂያለሽ” አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። በር ዝቅ ያለ ነውና ጭንቅላትሽን ጠብቂ እንደማለት ነው የነገሩኝ። እኔም ካሜራውን ከበረንዳው አነሣሁና ቅቤ የሚቀመጥበት፣ ከቤቱ የተነጠለ ጎተራ መሰል ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት።

የቦርከና ወንዝ ከከተማው ዝቅ ብሎ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይሰፋና ረግረግ ይሆናል። ዳርና ዳሩ ቄጠማ ነው። እንቁራሪቶቹ የሚኖሩት እዚያ ቄጠማ ላይ ነው፤ የባቄላ ፍሬ ያክላሉ፣ ጀርባቸው እንደ አዲስ ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ከዓይናቸው እስከ ጎናቸው አንዲት ቢጫ መስመር ትወርዳለች። በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያድሩና ደመና ባለበት ጠዋት ፀሐይ እስክትጠነክር ድረስ ይቀጥላሉ። እኔም በብርሃን ልይዛቸው የምችለው በዚያች አጭር ሰዓት ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ወረድኩ። ካሜራውን ከቄጠማው መካከል በጉልበቴ ቁመት አቁሜ፣ ጨርቁን ተከናንቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። ከሩቅ የሰማሁት ጩኸት ስቀርብ ጸጥ አለ። አንድ ሰዓት ያህል ሳልነቃነቅ ቁጢጥ ብዬ ቆየሁ። እነሱም አልተነፈሱም። ፀሐይ ወጣችና ተመለስኩ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። እንዲያውም ሐሙስ ይበልጥ ተጠንቅቄ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ አንድ እርምጃ ለመራመድ እስከ አሥር እየቆጠርኩ ነበር የገባሁት።

አንዲት ቄጠማ የሚያጭዱ አሮጊት ሁለቱንም ቀን ከማዶ አይቻቸዋለሁ። ቄጠማውን ለሰሌን ሠሪዎች ይሸጣሉ። ሰላም ልላቸው አስቤ አፍሬ ተውኩት። ዓርብ ጠዋት ግን እሳቸው ራሳቸው ማጭዳቸውን እንደያዙ ከኋላዬ መጡ።

“አንቺ ልጅ፣ ሆድሽን ነው ወይ የሚያምሽ?”

ከጨርቁ ሥር ብቅ አልኩ። “ደህና ነኝ፣ እማማ።”

“ሁለት ቀን ሙሉ ቄጠማ ውስጥ ቁጢጥ ብለሽ ሳይሽ ይቺን ልጅ ተቅማጥ ይዟታል አልኩ። አላህ ያሽራት ብዬ ዱዓ ሁሉ አድርጌልሻለሁ።”

ፊቴ እንደ ፍም ሆነ። እንቁራሪት ፎቶ ለማንሳት እንደመጣሁ በቀስታ ነገርኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝና እሱንም ነገርኳቸው።

“የቆዳ ነጋዴው ልጅ! ካይሮ ተላከች የተባልሽው አንቺ ነሽ?” ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ አስደገፉት። “ወላሂ፣ ካይሮ ድረስ ሄደሽ የተማርሽው እንቁራሪት ነው? እኔ ሳልማር አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ እኮ!”

“ስመጣ ዝም ይሉብኛል፣ እማማ።”

“አንቺ ዝም ስለምትይ ነዋ። ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ ምንድን ነው? ሽመላ ነው። ሽመላ ይበላቸዋል። እኔን ማን ይፈራኛል? እየተንጫጫሁ እመጣለሁ፣ እያጨድኩ እዘፍናለሁ፣ እነሱም ተስቢሃቸውን ይቀጥላሉ።”

የእንቁራሪት ጩኸት ለፈጣሪ የሚቀርብ ምስጋና ነው፣ እንቁራሪት መግደልም ክልክል ነው የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ስለ ሽመላው ግን በሦስት ዓመት ትምህርት አንድም ሰው አልነገረኝም።

አሮጊቷ ከእኔ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀው ማጨድ ጀመሩ። ሸርጥ፣ ሸርጥ፣ ሸርጥ ይላል ማጭዱ። የመንዙማ እንጉርጉሮ ከአፍንጫቸው ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ረግረጉ በሙሉ ተነሣ። አንደኛው ከሌንሴ ፊት ካለው ቄጠማ ላይ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላየሁትም። ጉሮሮው እንደ ሳሙና አረፋ ተነፋ፤ ከራሱ ከባለቤቱ ይበልጣል።

“የሚጮኸው ወንዱ ነው” አልኳቸው በሹክሹክታ።

“ታዲያስ! ሴቷማ ቁጭ ብላ ነው የምትሰማው። ጮክ ብለሽ አውሪ አልኩሽ፣ በሹክሹክታ ያስፈራሻቸዋል።”

ቄጠማው በነፋስ እንዳይወዛወዝ አጠገቡ ባቆምኩት እንጨት ላይ በክር አሰርኩት። ጨርቁን ተከናንቤ በተገለበጠው መስታወት ላይ ዓይኑን ፈለግሁ። ዙሪያው የወርቅ ቀለበት ያለበት፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። አንድ ፀጉር ያህል ወደፊት፣ አንድ ፀጉር ያህል ወደኋላ። ጠራች። መስታወቱን ከተትኩ። መክፈቻው አራት ቆጠራ ያህል ክፍት መቆየት ነበረበት፤ ቸኩዬ እንዳልዘጋው መቁጠሩን ለራሴ አልተውኩትም።

“እማማ፣ አራት ጊዜ ‘ሱብሃነላህ’ ይበሉልኝ፤ ሳይፈጥኑ።”

“ይሄማ ሥራዬ ነው” አሉ። አራት ጊዜ አሉ። ዘጋሁ።

አራቱንም መስታወቶች እንዲህ ጨረስኳቸው። በሁለቱ እንቁራሪቱ በጎኑ ነበር፣ በሦስተኛው ፊት ለፊት፣ በአራተኛው ደግሞ መክፈቻውን ስዘጋ ቦታው ላይ አልነበረም፤ መቼ እንደዘለለ አላውቅም። አሮጊቷን ሳመሰግናቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

“አብሽሪ። ባይሆን ከዛሬ ወዲያ ሰው ስታዪ ሰላም በይ።”

ዕቅዴ ዓርብ ከሰዓት ወደ ደሴ ወጥቼ ቅዳሜ ፎቶውን አጥቤ ማታውን በሚወርደው መኪና ለመመለስ ነበር። ነገር ግን ጁምዓ ሶላት ሲያበቃ ከባድ ዝናብ ጣለና ሐረጎ ዳገት ላይ ናዳ መንገዱን ዘጋው። ለሁለት ቀን መኪና አይወጣም ተባለ። ከእሁዱ መኪና ጋር ያልታጠበ መስታወት መላክ እችል ነበር፤ ግን በረሃውን አልፎ፣ የወደብ ኬላ ላይ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው አንድ ጊዜ ብርሃን ካስገባበት ነገሩ ያበቃል። ደግሞስ ምን እንደያዝኩ ሳላውቅ ምን ብዬ እልካለሁ? የማጠቢያው ዱቄት አብሮኝ ስለነበር እዚያው አክስቴ ቤት ላጥብ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ደሴ ውስጥ ውኃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ፎቶ ማጠቢያው በጣም ከቀዘቀዘ ሥዕሉ ቶሎ አይመጣም። ስለዚህ እቤት ሳጥብ ውኃውን በቆርቆሮ አድርጌ ጠዋት ፀሐይ ላይ የማስቀመጥ ልማድ ነበረኝ። ካይሮ ደግሞ ውኃው ሞቃት ስለሆነ በረዶ ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ሁለቱንም አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን እጄ እንደ ደሴ እጅ ሆኖ ቆርቆሮውን ውኃ ሞላና በኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ አስቀመጠው። ዝናብ ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ እንዴት እንደምትከር የኮምቦልቻ ሰው ያውቃል። እኔ የቅቤው ክፍል ውስጥ መስኮቱን በብርድ ልብስ ስደፍን፣ ፋኖሱን በቀይ ጨርቅ ስጠቀልል እስከ ቀትር ቆየሁ።

ሁለቱን የጎን ሥዕሎች የያዙትን መስታወቶች ማጠቢያው ውስጥ ከተትኳቸው። ሥዕሉ ወዲያው መጣ። ቄጠማው ታየ፣ ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ የጉሮሮው ክብ። ደስታዬ ልብ ለማለት ጊዜ አልሰጠኝም። የአንደኛው ጠርዝ ተሸበሸበ። ከዚያ መላው ሥዕል፣ ከእነ እንቁራሪቱ፣ ከትኩስ ወተት ላይ እንደሚነሣ ስልባቦት ከመስታወቱ ተላቀቀና በሳህኑ ውስጥ ተንሳፈፈ። ልይዘው ስሞክር ጣቶቼ መካከል ተበጣጠሰ። ሁለተኛውም ተከተለው።

የቀሩትን ሁለት መስታወቶች ብርሃን እንዳይነካቸው ከእነ ሣጥናቸው በጥቁሩ ጨርቅ ጠቀለልኳቸው። አክስቴ በሩን አንኳኩታ ገባችና እጇን ሳህኑ ውስጥ ከተተች።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ሻይ ነው!”

“አውቃለሁ፣ እትዬ።”

“ሁሉም ጠፋ?”

“ሁለቱ ጠፉ። ሁለት ቀርተዋል። አንዱ ባዶ ሳይሆን አይቀርም።”

አክስቴ የቅቤው ዕቃ ላይ ተቀመጠችና አሰበች። ሴት ልጅ የላትም፤ ካይሮ በመሄዴ ከማንም በላይ የምትመካው እሷ ነበረች። የጉድጓዱ ውኃ ቀን ለብ ይላል አለች። ወንዙ ጭቃ ነው፣ የምንጩም እዚህ እስኪደርስ ይሞቃል አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እዚህ ቤት ቀዝቃዛ ውኃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የአጎትሽ የውዱእ እንስራ። ሸክላው ያልተወለወለ ነው፣ ሌሊቱን በረንዳ ላይ ነፋስ ይመታዋል። ለሱብሒ ሶላት ሲነሱ ‘በረዶ ነው!’ እያሉ ነው የሚታጠቡት። ግን ማንም አይነካባቸውም፤ እኔም አልነካም።”

ስለዚህ መጠየቅ ነበረብኝ። ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ከቤታቸው እንዳይገባ የነገሩኝን ሰው፣ ለሶላታቸው ያዘጋጁትን ውኃ፣ ለዚያው ሥዕል።

አጎቴ ከመግሪብ ሶላት ተመልሰው ራት በልተው እስኪጨርሱ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ልናገር ገብቼ ተመልሼ ወጣሁ።

“ምን ሆነሻል?” አሉ። “እንደ ዶሮ ትወጪያለሽ፣ ትገቢያለሽ።”

“የውዱእዎ ውኃ፣ አባባ...”

“ምን ሆነ? ተደፋ?”

“አልተደፋም። ነገ ጠዋት እርስዎ ከጨረሱ በኋላ የሚተርፈውን እንዲሰጡኝ ነው።”

“ለምንሽ?”

አክስቴ ከኋላቸው ሆና በሁለት እጇ ፊቷን የመታጠብ ምልክት አሳየችኝ። እንደዚያ ብል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ሰውየውም ጥያቄ አይደግሙም። ግን የምላቸውን ሁሉ ያምኑኛል፣ እሱ ነው የከበደኝ።

“ፎቶ ላጥብበት ነው። የእንቁራሪት።”

አጎቴ ጢማቸውን ያዙ። አክስቴ እጇን አወረደች።

“ነፍስ ያለው” አሉ።

“ነፍስ ያለው።”

“አንቺ ነሽ የሳልሽው?”

“እኔ መክፈቻውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የጣለው ብርሃኑ ነው።”

“ይሄን ለቃዲው ብትነግሪው ይሻላል። እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ፤ ብርሃን የሚጥለውና ሰው የሚስለው አንድ ይሁን ሁለት ይሁን አላውቅም። ፎቶው ባይታጠብ ምን ይሆናል?”

“ካይሮ አልመለስም።”

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። አባቴ ፊት እንኳ ዝም ነው ያልኩት። አጎቴ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አክስቴ ተመለከቱ።

“ውኃ፣ ሣርና እሳት የሰው ሁሉ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ትርፍ ውኃ መከልከል አልተፈቀደልኝም። ከጨረስኩ በኋላ ያለው ያንቺ ነው። ሥዕሉን ግን ግድግዳዬ ላይ አትሰቅዪም።”

“አልሰቅልም። ካይሮ ነው የሚሄደው።”

“ካይሮማ ምን ያልተሰቀለ አለ!” አሉና ተነሥተው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት የሱብሒ አዛን ሲሰማ ተነሣሁና በረንዳው ጥግ ጠበቅሁ። አጎቴ ወጥተው እንስራውን አዘነበሉ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን ከአንዲት ጣሳ ውኃ አዳረሱ። ሳያዩኝ ወደ መስጊድ ሄዱ።

አክስቴ እንስራውን አዘንብላ አየችና ሳቀች። “ዛሬ ጢማቸው እንኳ አልረጠበም! ሙሉ ነው።”

ውኃው እጄን አደነዘዘው። የቅቤው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ፣ ቀዩን ፋኖስ አብርቼ ዱቄቱን በዚያ ውኃ በጠበጥኩ። ባዶ ይሆናል ብዬ የፈራሁትን መስታወት አስቀድሜ አጠብኩ። ባዶ ነበር፤ ቄጠማና ክር፣ በቄጠማውም ላይ የሆነ ነገር አሁን እንደሄደ የሚመስል ጭጋግ። ግን አልተላቀቀም። ጠርዙን በጥፍሬ ነካሁት፤ ጸንቷል።

አንዱ ቀረ። ሥዕሉ በቀዝቃዛው ውኃ በጣም ዘግይቶ መጣ። በደሴም እንዲያ ዘግይቶብኝ አያውቅም። መጀመሪያ ቄጠማው እንደ ነጭ ዱላ ሆነ፣ ቀጥሎ አራቱ እግሮች ቄጠማውን እንደጨበጡ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። ሁለቱም ዓይኖች ጠርተው ነበር፤ የወርቁ ቀለበት እንኳ ይታያል። ጉሮሮው ግን በአራት ሱብሃነላህ ውስጥ ስለተነፋና ስለሟሸሸ እንደ ጭስ ሆኗል። ለአንድ አፍታ ተበላሽቷል ብዬ አዘንኩ። ከዚያ የመምህሬ ደብዳቤ ምን እንዳለ አሰብኩ፤ የሞተ እንቁራሪት ጉሮሮው አይደበዝዝም። ያን መስታወት በኋላ ካይሮ፣ በመምህሬ ክፍል መስኮት ላይ ተደግፎ ብርሃን ሲያልፍበት ዓመቱን ሙሉ ከመቀመጫዬ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ያን ጠዋት ግን ገና እርጥብ ነበር። አጥቤ ስጨርስ ፀሐይ ወጥታለች። በረንዳው ላይ ጥላ ውስጥ ጠርዙን በሁለት ጣቴ ይዤ ነፋስ እንዲያገኘው ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ሲሆን የአባቴ መኪና ቆዳውን ጭኖ ከመጋዘኑ ወጣና በአክስቴ ቤት በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ፣ አሰብና ደሴን እንደ ግቢያቸው የሚመላለሱ ሰው ናቸው። በሕይወቴ ከሰላምታ ያለፈ አነጋግሬያቸው አላውቅም።

“ልጄ፣ ዕቃሽ የታለ?” አሉ ከመስኮቱ።

“እርጥብ ነው፣ ጋሼ።”

“በረሃ አይደለም እንዴ የምሄደው? እዚያ ይደርቃል!”

“በእርጥቡ ሙቀት ካገኘው ይቀልጣል።”

“እኔ ደግሞ ፀሐይ ሳትበረታ ባቲን ማለፍ አለብኝ።”

መስታወቱን እንደያዝኩ እስከ መኪናው ድረስ ሄድኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ፤ ከሞተሩ በላይ ጮኼ ነበር የተናገርኩት። “ሞተሩን ያጥፉና ይጠብቁኝ። ሳይደርቅ አልሰጥም፣ ሳይዙልኝም አይሄዱም።”

ሰውየው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ከዚያ ቁልፉን አዞሩና ሞተሩ ዝም አለ። “ወላሂ፣ ቁርጥ አባትሽን ነሽ” አሉ። “ዝም የምትል ልጅ አለችው ሲሉኝ አምኜ ነበር።” ወርደው ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አክስቴ ሻይ አመጣችላቸው። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጠጡ መስታወቱ ደረቀ።

በንጹሕ ወረቀት ጠቀለልኩት፣ በጥጥ ከበብኩት፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አደረግሁት። ከላዩ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጻፍኩ። ከቆዳው ጋር እንዳይጭኑት፣ ከወንበራቸው ሥር እንዲያደርጉት፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ነገርኳቸው። ሌላም ልጨምር ስል “በቃሽ፣ በቃሽ፤ ጀምረሽ መተው አትችይም እንዴ?” አሉኝና ሄዱ። መኪናው ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ እስኪሰወር ቆሜ አየሁት።

ከዚያ ወደ ቤት ገባሁ። ሳህኖቹን አጠብኩ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረድኩ። እንስራው ባዶ ነበር። በጀርባዬ አዝዬው ከከተማው በላይ ወዳለው ምንጭ ሄድኩ። ሴቶቹ ተራ ይዘው ነበርና ለሁሉም ሰላምታ ሰጥቼ ከመጨረሻዋ ኋላ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ሞላሁት። እንስራ ተሸክሜ ስለማላውቅ ሩቡን ቀሚሴ ላይ አፈሰስኩት፤ የቀረውን ግን የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ በረንዳው ላይ፣ ቦታው ላይ፣ አስቀመጥኩት።